የወፏ ስም

የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ ካስረከብኩ አራት ወር ሆነኝ። በሬ በተንኳኳ ቁጥር ግን እስካለፈው ወር ድረስ ልቤ ይመታ ነበር። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲረን ሲጮኽ የምገባበት ክፍል አለኝ፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ብረት ነው። ለዚያኛው ፍርሃት የተሠራ ክፍል ግን አልነበረም። የምፈራው አንዲት ሴት መጥታ አንድ ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ ነበር። ጥያቄዋን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ጠይቃኛለች። መልሱንም አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን መልስ እሷ ተሸክማልኛለች።

ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁት እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። የቢሮውን ስም አልጠራም። ከነሱ ጋር ለመካሰስ ዕድሜም ጉልበትም የለኝም። ማዕረጌ በዕብራይስጥ ሜጋሼሬት ነበር፤ አስታራቂም አስተርጓሚም ማለት ነው። መጀመሪያ የዚያኑ ቢሮ ደረጃ ነበር የምጠርገው። አንድ ቀን አለቃው ሩቢ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ጠራኝና፣ "ያኤል፣ አማርኛ ትችያለሽ አይደል?" አለኝ። ስሜ ያለምወርቅ ነው። ያኤል የሚለውን በሱዳን በኩል በመጣን ሰሞን አንዲት ጸሐፊ ቅጽ ላይ ጻፈችው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ሩቢም እስከ መጨረሻው የቅጹን ስም ነው የጠራኝ። የስንብቴ ኬክ ላይ እንኳ ያኤል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ስሙ ያለበትን ቁራሽ ለራሱ ሰጠሁት።

ሥራዬ ተቆጣጣሪዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡትን የእኛን ሽማግሎች ሲቀጡ አብሬ ሄጄ ቅጣቱን በአማርኛ መንገርና ማስፈረም ነበር። ሰው ከሩቅ ሲያየኝ በሩን ይዘጋል። "ወረቀቷ መጣች" ይሉኝ ነበር። ደመወዙ ከመጥረጊያው ትንሽ ይሻላል፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ወይም አይታደስም። በየዓመቱ መጨረሻ እንቅልፍ ያጣሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

አባ እንግዳውን ያገኘኋቸው በአተላ ምክንያት ነው። ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ የእኛ ሴቶች ለሠርግ ጠላ ጠምቀው አተላውን በወጥ ቤቱ ማጠቢያ ደፉት። አተላው ምድር ቤት ከሚኖሩት ከሩሲያ የመጡ ባልና ሚስት መታጠቢያ ወለል ላይ ወጣ። ጠብ ተነሣ፣ ፖሊስ ተጠራ። የቅጣቱን ወረቀት ይዤ ስደርስ አንድ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ እዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክከው ውኃውን በመዳፋቸው ይዘው ያሸታሉ።

"ወረቀቱን ለጊዜው ከቦርሳሽ አታውጪው" አሉኝ። "መጀመሪያ ራስጌውን አሳዪኝ።"

"የምኑን ራስጌ?"

"የውኃውን ነዋ። ሕንጻ እኮ የቆመ ወንዝ ነው፣ ልጄ። አራተኛው ፎቅ ራስጌ፣ ይህ ግርጌ።"

ወደ ላይ ወጣን። ከሴቶቹ ትልቋን፣ "እሜቴ፣ አገር ቤት ከመጠጫው በላይ ልብስ ታጥቢ ነበር?" አሏት።

"ኧረ አባ! ምን በወጣኝ!"

"ታዲያ ዛሬ ምን ነክቶሽ ከሰው ራስጌ አተላ ደፋሽ?"

ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወዲያው ባልዲ ይዛ ወርዳ የሰዎቹን ወለል አጠበች። ሩሲያዊው በዕብራይስጥ ነገሩ ምን እንደነበር ጠየቀኝና፣ "ይኼን የመሰለ መጠጥ ሠርታችሁ እኔ የደረሰኝ ዝቃጩ ብቻ ነው?" አለ። በማግስቱ በጠርሙስ ወረደለት። ያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳቸው ተማርኩ። ጎንደር ሳሉ አባታቸው የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍል፣ ማን የት ይቅዳ፣ ከብት የት ይጠጣ፣ ልብስ የት ይታጠብ የሚል ዳኛ ነው። "እኛ ርስት አልነበረንም" ይሉ ነበር፤ "መሬቱ የሌላ ነው። ውኃው ላይ ግን ቃላችን ይሰማ ነበር።" ሕጉም አጭር ነው፦ ያደፈረሰ ያጥራ፤ የጠራውንም እሱ አስቀድሞ ይጠጣ።

ልማዶቻቸውን ልጻፍ፤ ሌላ የጻፈው የለም። ቦታውን ሳያዩ ነገር አይሰሙም። ከራስጌው ጀምረው ወደ ታች በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ዝናብም ቢሆን። ነገሩ እስኪያልቅ ከሁለቱም ወገን ቤት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ተከራካሪዎቹ ሲቀርቡ አንዱ ስለ ራሱ እንዲናገር አይፈቅዱም፤ መጀመሪያ የባላጋራውን አቤቱታ ይናገር ይላሉ። ባላጋራው "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ ይመላለሳል። ስንት ጠብ እዚያው ላይ ሲያልቅ አይቻለሁ። ሁልጊዜም "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ።

በሮቫ ዛይን ዳር የድሮ የብርቱካን እርሻ የነበረ ቦታ አለ። የእኛ ሽማግሎች ለምነው ከተማው ፈቀደላቸውና አትክልት ቦታ አደረጉት፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በቆሎ፣ በሶብላ። የእርሻው ጉድጓድ ውኃ በሞተር ይወጣና በቆፈሩት ቦይ ከመደብ መደብ ይወርዳል። የውኃ አባቱ አባ እንግዳው ናቸው። ተራ የሚያልፍ አልነበረም። አቅመ ደካሞቹ መጀመሪያ፣ ጎበዞቹ መጨረሻ። ሩቢ እንኳ እንግዳ ሲመጣበት እዚያ ነበር የሚወስደው።

አንድ ሰንበት አልፎ እሑድ ጠዋት ሲመጡ ቦዩ በጥቁር ዘይት ተሸፍኖ አገኙት። ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል። ጎመኑ በሳምንት ውስጥ ጠወለገ፤ በባዶ እግራቸው የገቡት ሁለት አሮጊቶች እግራቸው ተላጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገመው፣ ቀጥሎም ሦስተኛ። ሁልጊዜ ሰንበት ነው፤ የእኛ ሰው ቤቱ ሲሆን። ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ። የሚናገር አልተገኘም። ሱዳን ካምፕ ውስጥ የከረመ ሰው ለመሥሪያ ቤት አይናገርም፤ እዚያ ስም መጥራት ሰው ማስገደል ነበር። እኔም የዚያ ፍርሃት ልጅ ነኝ።

አባ እንግዳው፣ "አውጫጭኝ እንጥራ" አሉ።

አውጫጭኝ የጥንት ሥርዓት ነው። ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ አይበተንም። ያየ የሰማ ሰው በድብቅ ይናገራል። ተናጋሪው ወፍ ይባላል። ዳኛው "ወፍ ነገረችኝ" ብቻ ይላል እንጂ የወፏ ስም በምንም ምክንያት አይነገርም። ወፍ ስሟ ከታወቀ ሁለተኛ ወፍ አይመጣም፤ ሕጉም እዚያው ይሞታል።

ወፎቹን የሚሰማ ጆሮ አድርገው የመረጡት እኔን ነው። እንዴት እንደምቀመጥ አስተማሩኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ ነጠላዬን እከናነባለሁ፣ የሚገባውን ሰው አላይም። ሁሉም ተራ በተራ ይገባል፤ የማያውቅም ይገባል። ጭኔ ላይ አርባ ሽምብራ ያለበት ሳህን፣ እግሬ ሥር ባዶ ሳህን አለ። ሰው በገባ ቁጥር አርባውን አንድ በአንድ ወደ ባዶው እጥላለሁ። የሚናገረው ያለውም የሌለውም አርባው እስኪያልቅ ይቆያል። ውጭ ያለው ሰው ማን እንደተናገረ በጊዜው ርዝመት እንዳያውቅ ነው። "ዝም የሚሉት ናቸው ወፏን የሚሸፍኗት" ይሉኝ ነበር አባ። "ስለዚህ ዝም ያለውንም አመስግኚው።"

አውጫጭኙ የሆነው አንድ ሕንጻ ሥር ባለ መጠለያ ውስጥ ነው። ሰው ገባ ወጣ። "አላየሁም"፣ "አልሰማሁም"፣ "እማ ወገቤን አመመኝ፣ ሽምብራውን ፈጠን አድርጊው" ያለችም አለች። ከብዙ ሰው በኋላ አንድ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር መጣ። ድምፁን አወቅሁት፤ ማወቅ አልነበረብኝም። አትክልት ቦታው ላይ መደብ ያላት ትርንጎ ናት።

"ይርጋ ነው" አለች። "በቦቴው። ሰንበት ዕለት ከጉድጓዱ አጠገብ ቱቦውን ሲዘረጋ አየሁት። እኔ የረሳሁትን ቧንቧ ልዘጋ ሄጄ ነው። ሰንበት ሽሬ ነው ያየሁት፣ ያለም። ይኼም ይታወቅብኝ ይሆን?"

"ወፍ ስም የላትም" አልኳት። እጄ ሽምብራውን መጣል አላቆመም።

ይርጋ ለማእድ ቤቶችና ለጋራዦች ያገለገለ ዘይትና ዝቃጭ የሚመጥ ባለ ቦቴ ነበር። ርቆ ሄዶ በሚገባው ቦታ ማራገፍ ሰለቸው። የእኛው ሰው ነው፤ ሦስት የእኛን አባወራዎች ቀጥሮ የሚያሠራ፣ በለቅሶም በሠርግም ፊት የሚቀመጥ። የትርንጎ ባል ታናሽ ወንድሙ ነው። ሌሎች ሁለት ወፎችም ይርጋን ጠርተው ነበር፤ ነገር ግን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ናት።

ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሽማግሎቹ ጥፋተኛውን አደባባይ አያወጡትም፤ ሦስት ጊዜ ቤቱ ይሄዳሉ። አንደኛ ሲሄዱ ይርጋ ሳቀ። ሁለተኛ ሲሄዱ አለቀሰ። "ሦስተኛ ኑ፤ እመልስላችኋለሁ" አለ። አባ እንግዳው ቅጣቱን አስበው ጨርሰው ነበር፦ የተመረዘውን አፈር በገዛ እጁ አንሥቶ፣ ጥሩ አፈር አምጥቶ፣ ቦዩን አጥቦ፣ ሲጠራ ሰው ሁሉ እያየ ከቦዩ ይጠጣል። ከዚያ ይታረቃል።

ከሁለተኛው ጉብኝት በኋላ ባለው ቀን ሩቢ ጠራኝ።

"ሰውየውን አግኝታችሁታል አሉ። ክስ ልከፍት ነው። ማን ነው ያየው?"

"ወፍ ናት።"

"ያኤል፣ ወፍ ዳኛ ፊት አትቆምም። ስም ስጪኝ።"

"አይነገርም። ሕግ ነው።"

"የማን ሕግ?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። "ተመልከቺ፤ ወረቀቱ ምስጢር ነው። ማኅተም አለው። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።" ከዚያ ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ እንደ ዋዛ፣ "ለነገሩ የአንቺም የቋሚነት ጉዳይ በሚመጣው ሳምንት ይታያል" አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ። ልጆቼን ለብቻዬ ነበር የማሳድገው። ይህን የምለው ይቅርታ ለመለመን አይደለም። ፈራሁ። ደግሞም ማኅተም ያለበት ዶሴ እንደ አውጫጭኙ ጆሮ ምስጢር የሚይዝ መሰለኝ፤ የተዘጋ፣ የተከናነበ፣ ወደ ግድግዳ የዞረ። የትርንጎን ስም ተናገርኩ። እሱ ጻፈው።

የከሳሽን ዶሴ የተከሳሽ ጠበቃ የማየት መብት አለው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሩቢ ግን ያውቅ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ስለ እኔ "ያኤል የሌለችበት ቢሮ ቢሮ አይደለም" ይል ነበር፤ ይኸው፣ ያ ቢሮ ምን እንደሆነ እንግዲህ ሰው ይወቅ።

ሽማግሎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ይርጋ ስሟ ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃቸው። "አባ፣ ወፏ ስም አላት" አላቸው። "ከአሁን በኋላ ከእናንተ ጋር የምነጋገረው ነገር የለም። ጠበቃ አለኝ።"

ይርጋ የቢሮውን ቅጣት ከፈለ። አፈሩን ግን ማንም አላነሣውም። ሕጋቸው ስለ አፈሩ የሚለው አልነበረውም፤ የእኛ ሕግ ነበረው፣ እኔ ገደልኩት። ከቦዩ በታች ያሉት መደቦች ባዶ ሆነው ቀሩ።

ትርንጎን ሁሉም ሰው ራሷ ቢሮ ሄዳ ዘመዷን የከሰሰች አድርጎ ያዛት። የባሏ ወገኖች "ሰንበት የሻረች ወሬ አቀባይ" አሏት። ባሏ ወደ እህቷ ቤት ላካት፤ በዚያው ቀረች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ሸሸት ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ቃሪያ ስመርጥ እጄን ያዘችኝ።

"ያለም፣ ጆሮዋ አንቺ ነበርሽ። እኔ ቢሮ የሚባል ረግጬ አላውቅም። ማን ጻፈው?"

"እኔ እንጃ" አልኳት። "ቢሮው ብዙ ጆሮ አለው።"

እጄን ለቀቀችው። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

አባ እንግዳው ግን አውቀዋል። ስሟን የሰማ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማወቅ ቀላል ነው። ቦዩ ዳር አገኙኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ጆሮ አድርጌሽ ነበር፤ አፍ ሆንሽ" አሉኝ። ከዚያ፣ "እኔ አልናገርብሽም። አንቺም ለእኔ ወፍ ነሽ። የምትናገሪው ራስሽ ነሽ" አሉ። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። እሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ሞቱ። ለማንም አልተናገሩም። ሩቢ በስብሰባ ላይ "የሽማግሎቹ ዘዴ" ብሎ ፎቷቸውን እያሳየ ሲያስተምር ስማቸውን አሳስቶ ጽፎት ነበር። ከኋላ ተቀምጬ አየሁት፤ አላረምኩትም።

ጡረታ ስወጣ ፍርሃቱም ጡረታ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር በሬ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ትርንጎ አይደለችም። አድና ናት፣ የአባ እንግዳው የልጅ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የምታስተምር። ተነፈስኩ።

"እማ ያለም፣ ቦዩ እንደገና መሽተት ጀምሯል። ከራስጌ አንድ ሰው የሆነ ነገር ይደፋል። አውጫጭኝ ልንጠራ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ግን ከእርስዎ በቀር የለም።"

"ሰው አይመጣም" አልኳት።

"ይመጣል። ብቻ እርስዎ ሽምብራውን ያሳዩኝ።"

አርባውን ቆጥሬ ይዤ ሄድኩ። ያው መጠለያ ነው። ሰው መጥቶ ነበር፤ አግዳሚው ሞልቶ ቆመዋል። አድና በውስጠኛው ክፍል ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተቀመጠች። በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ፣ "የመጀመሪያው ይግባ" አሉ። ማንም አልተነሣም።

"የጆሮዋ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ አንዱ ከኋላ። "ቀጥታ ቢሮ ነው?" ሰው ሳቀ።

"እኛ ከትርንጎ ተምረናል" አለች ሌላዋ።

ትርንጎ በሩ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣለች። በግራና በቀኟ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ስሟ ሲጠራ ራሷን እንኳ አላነሣችም፤ ለምዳዋለች። እንዲሁ ተቀምጬ ብቀር ማንም አያውቅም ነበር። ውኃው ይሸታል፣ ሰው ይበተናል፣ እኔም ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ።

ተነሣሁ።

"ትርንጎ ቢሮ ሄዳ አታውቅም" አልኩ። "እሷ የተናገረችው ለጆሮ ነው፤ እንደ ሕጉ። ጆሮዋ እኔ ነበርኩ። ስሟን ለአለቃዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለሥራዬ ፈርቼ ነው። አባ እንግዳው ያውቁ ነበር። እሷ ግን ጠይቃኝ ዋሽቻታለሁ።"

ከዚያ አንዲት ሴት "ውይ፣ እግዚኦ!" አለች። አንድ ሰው ተፋ። "አሥራ አንድ ዓመት!" አለ ሌላው፤ "አሥራ አንድ ዓመት አብረሽን በላሽ!" ሌላም ብዙ ተባለ። አልጽፈውም፤ የተባለው ሁሉ ይገባኛል። ወደ ትርንጎ ማየት አልቻልኩም። የወንበር ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ቆማለች። የምትወጣ መሰለኝ። ወደ እኔ የምትመጣም መሰለኝና እጄን ፊቴ ላይ አደረግሁ። በአጠገቤ አለፈች፤ አላየችኝም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።

ሁሉም አዳመጠ። ሽምብራው ሳህኑ ላይ ይወድቃል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሳላስበው ቆጠርኩ። አርባ ሲሞላ ወጣች፣ ቦታዋ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ገቡ። ከዚያ አንዲት አሮጊት። ከዚያ ሰልፍ ሆነ።

ተራዬ ሲደርስ የሚያስገባኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ ሁሉም ይግባ ነው የሚለው። ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እንደ መጀመሪያው ቀን ፈራሁ። አድና ፊቷን አላዞረችም። የምነግራት ነገር አልነበረኝም። አርባው እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።